ከመውደቅ የሚጀምር መጽሐፍ

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ሠናይት ዛሬ ማለዳ ወደ አንበሳሜ ሄደች። እናቷ ታመው አልጋ ይዘዋል። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል በመስኮቱ ብቅ ብላ «ልጅቷን አደራ፣ ፈንታሁን። ለፈተናው የቀረው አንድ ወር ነው። ያን ባለጎማ ጫማ ከእግሯ አርቅልኝ» አለችኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት አይቸግረኝም፤ ሃያ ዓመት በእሺ የኖርኩ ባል ነኝ።

ቤተ መጻሕፍቱ ስገባ ትዝታ አንድ ካርቶን ዘርግፋ ብቻዋን ትስቃለች። ትዝታ አብራኝ የምትሠራ ናት፤ መጽሐፍ መመዝገቡን ስትጨርስ ሰው መመዝገብ የምትጀምር ዓይነት። ካርቶኑ ከውጭ አገር በእርዳታ የመጣ ነው። ዕቃ ቤት ተረስቶ ከርሞ፣ ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ነው የተገኘው። ውስጡ ያሉት መጻሕፍት በሙሉ ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ ስለ ፊገር ስኬቲንግ። ከሥሩ ስለት ባለው ጫማ በበረዶ ወለል ላይ እየተንሸራተቱ መዞር፣ መዝለል፣ መሽከርከር።

«ለደብረ ታቦር!» አለች ትዝታ። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚሉት ይኼን ነው።»

እኔም ሳቅሁ። ግን ሰማያዊ ሽፋን ያለውን፣ ጀማሪን ደረጃ በደረጃ የሚያስተምረውን፣ በፌስታል ጠቅልዬ ለኤደን ወሰድኩላት። ለማሳየት ያህል ነው። ልጄ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከባለጎማው ጫማ በቀር ዓይኗን የሚያበራው ነገር አላየሁም። ጥናቷንም አትተውም።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

በየሳምንቱ ሐሙስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «ይነበቡ» የሚል ወረቀት እለጥፋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያነቡት ትዝታና ዘበኛው ናቸው። ዛሬ እንዲህ ብዬ ለጠፍኩ፦

«መማር ለሚፈልግ፣ ሰማያዊው። እግር የት እንደሚያርፍ በቀስት እያመለከተ ያሳያል። መደሰት ብቻ ለሚፈልግ፣ ትልቁ የፎቶ መጽሐፍ፤ እንግሊዝኛ የማያውቅም ያየዋል። የድሮውን ለሚወድ፣ ጠርዙን አይጥ የበላው ቀጭኑ። በድሮ ጊዜ ውድድሩ መዝለል ሳይሆን በአንድ እግር በበረዶው ላይ ስምንት ቁጥር መጻፍ እንደነበረ ይናገራል፤ ዳኞቹም ጎንበስ ብለው መስመሩን ይመረምሩ ነበር። ልብ አንጠልጣይ ለሚሻ፣ ስለ ሁለቱ እኅትማማቾች የተጻፈው ልብ ወለድ፤ መጨረሻው ግን ይደክማል። የዳኝነት ደንቡን የያዘውን አልመክርም፤ ከመሥሪያ ቤታችን መመሪያ ይበልጥ ያስተኛል።»

ትዝታ አንብባ «የመጨረሻዋን አጥፋት፣ ኃላፊው ያያታል» አለች። አላጠፋሁም። ኃላፊው ሰሌዳውን አይቶ አያውቅም።

ሰኔ 8፣ እሑድ

የስልኩ ኔትወርክ ከጠፋ ሰነበተ። ሠናይት በደኅና ትድረስ አትድረስ አላወቅሁም።

ከሰዓት በኋላ ዓለምነው ቤት ድረስ መጣ። ባጃጅ ነጂ ነው፤ ማታ ማታ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ የከተማው አዳራሽ ደጅ ባለው የሲሚንቶ ሊሾ ላይ ስኬቲንግ ያለማምዳል። ኤደንም ከእነሱ አንዷ ናት። እስከ ዛሬ የሚማሩት ከስልክ ቪዲዮ ነበር።

«ጋሼ፣ ስልኩ ሞተብን» አለኝ። «ኤደን ሰማያዊውን መጽሐፍ አሳየችን። የዝላዩ ሥዕል ገባን፣ ጽሕፈቱ ጠጠረብን። ወደ አማርኛ ይመልሱልን። ለቡሄ አንድ ነገር ለሕዝቡ ማሳየት አስበናል።»

«የበረዶ መጽሐፍ ነው እኮ።»

«ሊሾም ሲረጥብ በረዶ ነው፣ ጋሼ።»

ኤደን ከኋላው ቆማ ታየኛለች። በእንግሊዝኛ አስተማሪነቴ ዘመን ተማሪ ከክፍል ሲያመልጠኝ እንጂ ሲለምነኝ አላውቅም። እሺ አልኩ። እናቷ የከለከለችው ጫማውን እንጂ መጽሐፉን አይደለም።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ይህን መጽሐፍ የጻፈው ምን ዓይነት ሰው ነው? ምዕራፍ አንድ ስለ መውደቅ ነው። ልጁ ገና ጫማውን ሳያጠልቅ፣ አንድ እርምጃ ሳይራመድ፣ መውደቅ! አሥራ አንድ ገጽ ሙሉ፣ ከነሥዕሉ። በጎን መውደቅ፣ በቂጥ መውደቅ፣ ወደፊት መውደቅ።

እኔ ጣራ ገዳም ሥር ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ደግሜ፣ ቅኔ ቤት ደጃፍ ደርሼ የተመለስኩ ሰው ነኝ። መጽሐፍ በምስጋና ነው የሚጀመረው። የኔታ አዲስ ልጅ ተቀብለው ሀ ሲያስብሉት «ትደነቁራለህ» ብለው አይጀምሩም። መንገደኛም ሲሸኝ «በሰላም ግባ» ነው የሚባለው፤ «መኪናው ሲገለበጥ እንዲህ ሁን» የሚል ሰው አልገጠመኝም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ለገዛ ልጄ፣ በገዛ እጄ ጽሕፈት፣ «ስትወድቂ» ብዬ መጀመር ሟርት መሰለኝ። እጄ እንቢ አለ።

ምዕራፉን አልጣልኩትም። ወደ መጨረሻ አዛወርኩት እንጂ። ሌላው ሲያልቅ እተረጉመዋለሁ።

በቦታው የራሴን መቅድም ጻፍኩ፦ «አኰቴት ይደረግለት፣ ውኃን አጽንቶ ለእግር ወለል ላደረገ፤ ለሰውም ሚዛንን በአጥንቱ ውስጥ ላኖረ።» ደጋግሜ አነበብኩት። ያምራል። እንዲህ ያለ ነገር ከጻፍኩ ዓመታት አልፈዋል።

ኤደን ደብተሩን ተቀብላ ገለጠችው።

«አባዬ፣ አንዱ የት ሄደ? ከሁለት ነው እኮ የሚጀምረው።»

«መግቢያ ነገር ነው። አያስፈልግም፣ በኋላ ይደርሳል።»

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ደብተሩን ይዛ ወጣች።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

መንገዱ ተዘጋ። ከአንበሳሜ በእግሩ የመጣ ነጋዴ የሠናይትን መልእክት አደረሰኝ፤ ደርሳለች፣ እናቷ ግን አልተሻላቸውም። «ልጅቷ ታጥና» ብላለች። እያጠናች ነው። ጠይቄያታለሁ።

አመሻሹ ላይ ወደ አዳራሹ ደጅ ወረድኩ። ትዝታም ለማየት መጥታለች፤ ለመሳቅ ነው የመጣችው። ኤደን የኋላውን ጎማዋን በኖራ ቀብታ፣ በአንድ እግር ተንሸራትታ፣ ሊሾው ላይ ስምንት ቁጥር ጻፈች። ከዚያ ዞራ በዚያው መስመር ላይ ደገመችው። ጎንበስ ብዬ እንደ ድሮዎቹ ዳኞች መረመርኩት። መስመሩ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነው የተለያየው። ትዝታም ሳትስቅ ቀረች፤ አጎንብሳ ታይ ጀመር።

«ከመጽሐፍ ነው ይኼን የተማረችው?» አለችኝ።

«ከእኔ ትርጉም።»

ደስ አለኝ። እንዲህ ደስ ያለኝ መቼ እንደሆነ አላስታውስም። ሃያ ዓመት ያስተማርኩት እንግሊዝኛ ለማን ምን እንዳደረገለት አላየሁም፤ ይኼን ግን መሬት ላይ ተጽፎ አየሁት።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ምዕራፍ ስድስት አለቀ። ዝላይ። ቀለሙ ሳይደርቅ ኤደን ከእጄ ነጠቀችኝ። ዝናቡ አላባራም። ሰባተኛው ይቀራል፣ ከዚያ ያ የመጀመሪያው።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

ወደቀች። ቀኝ እጇ ነው። ሰዓት እላፊው ደርሷል፣ ባጃጅ አይሄድም። አያ ይሻውን ጠርቻለሁ። በኋላ።

ሰኔ 22፣ እሑድ

ተኝታለች። ልጻፈው።

ዝናቡ እንዳባራ ነው። እኔ ደረጃው ላይ ጃንጥላ ይዤ ቆሜ ነበር። ዘለለች፤ አየር ላይ አንድ ጊዜ ዞራ በአንድ እግር ማረፍ፣ ምዕራፍ ስድስት፣ ሁለተኛው ሥዕል። አምሮ ነበር የጀመረው። ስታርፍ ጎማው ከሥሯ ሸሸ። እጇን ዘረጋች፤ መሬቱን ልታቆመው ፈለገች። ድምፁን ሰማሁት። እንጨት የተሰበረ መስሎኝ ዞር ብዬ እንጨቱን ፈለግሁ።

አያ ይሻው የሰፈራችን ወጌሻ ናቸው። በዝናቡ ሸምበቆና የነጠላ ቁራጭ ይዘው መጡ። «አይዞሽ ልጀ፣ አይዞሽ» እያሉ አንጓዋን ዳሰሱት። ኤደን ከንፈሯን ነክሳ ጣሪያውን ታያለች። ምን ላይ እንደወደቀች ጠየቁኝ። የበረዶ ጨዋታ መሆኑን ለማስረዳት ሞከርኩ።

«በረዶ?» አሉ። «የጉና በረዶ ገብሴን ሲያጭደው ነው የማውቀው፤ ሲዘፈንበት አላየሁም።» ሸምበቆውን ማሰር ጀመሩ። ከዚያ፣ እንዲያው እንደ ቀላል ነገር፣ እንዲህ አሉ፦ «በእጇ ነው የተመከተችው። የሚወድቅ ሰው እጁን ይሰበስባል፣ በጎኑ ይሄዳል። እኛ ጉግስ ስንማር መጀመሪያ ያስተማሩን መውደቁን ነበር። መውደቅ ሳትችል ኮርቻ ላይ ማን ያወጣሃል! ይችን ልጅ ያስተማራት የለም?»

«ሊሾው እርጥብ ነበር፣ አያ ይሻው» አልኳቸው። «በጣም እርጥብ ነበር።»

ኤደን ዓይኗን ከጣሪያው አውርዳ አየችኝ። እርጥብ መሆኑ ግን እውነት ነው።

ሰኔ 23፣ ሰኞ

ሆስፒታል። ራጅ ተነሣች፤ የእጅ አንጓዋ ተሰብሯል። ጄሶ አደረጉላት። ስድስት ሳምንት። ፈተናው ግን በሁለት ሳምንት ነው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ «እጅሽን ዘርግተሽ ነው የወደቅሽው አይደል?» አላት። እሱም!

ኤደን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በግራ እጅ መልስ ማጥቆር ይፈቀድ እንደሆነ።

ሰኔ 27፣ ዓርብ

ደግሜ ደጋግሜ አሰብኩበት። አንደኛ፣ ሊሾው። ያን ደጅ የሠራው ሰው ውኃ መውረጃ አላበጀለትም። ሁለተኛ፣ የጫማው ኩሽኔታ አሮጌ ነው፤ ዓለምነው ሊቀይረው ቃል ገብቶ ነበር። ሦስተኛ፣ ሰኔ ነው። በሰኔ ማን ይዘላል? አራተኛ፣ ኔትወርኩ ባይጠፋ ኖሮ በቪዲዮ ያዩት ነበር።

ትዝታ ሻይ አምጥታልኝ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ሰማያዊውን መጽሐፍ ከጠረጴዛዬ ላይ አንሥታ አገላበጠችው። እንግሊዝኛ ባታነብም ሥዕሉን ታያለች። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ቆም አለች።

«ይኼ እየወደቀ ያለ ሰው አይደለም?»

«ነው።»

«እና ልጆቹ ይኼን አላዩትም?»

«የራሱ ቅደም ተከተል አለው» አልኩና የመመለሻ ቀናቸው ያለፈባቸውን መጻሕፍት መፈለግ ጀመርኩ። «ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ» ብላ ብርጭቆውን ይዛ ሄደች። ይኼን ተረት በየነገሩ ነው የምትለው፤ ለእኔ ብላ አይመስለኝም።

ሰኔ 30፣ ሰኞ

መንገዱ ተከፈተ። የሠናይት እናት ተሽሏቸዋል። ከነገ ወዲያ ትመጣለች። ምን እላታለሁ? ጄሶውን ገና ከበሩ ነው የምታየው።

አሁኑኑ ተቀምጬ ምዕራፍ አንድን ብተረጉመው በደብተሩ ውስጥ አለ ማለት ነው። መቼ እንደገባ ማን ያውቃል? ይኼን አስቤ ራሴን ታዘብኩት። ብዕሩን መልሼ ኪሴ ከተትኩ።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

መጣች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ቦርሳዋን አስቀምጣ የኤደንን ጣቶች አንድ ባንድ ነካች። «ይሰማሻል? ይኼኛውስ?» ለእኔ ሰላምታ ሰጥታኝ ነበር፤ ጄሶውን ካየች በኋላ ግን አላየችኝም።

እግሬን ልታጠብ ወደ ጓሮ ወጣሁ። መስኮቱ ክፍት ነበር።

«አያ ይሻው አሁን በአጥሩ በኩል ‹በእጇ ተመክታ ነው› አሉኝ» አለች ሠናይት። «ተማርኩበት ያልሽው መጽሐፍ ስለ አወዳደቅ አይልም?»

«ይላል፣ እማዬ። ምዕራፍ አንድ ነው። አባዬ ተርጉሞ ሰጥቶኝ ነበር። እኔ ነኝ ለዝላዩ ቸኩዬ የተውኩት።»

«አንድን ትተሽ ከሁለት ጀመርሽ?»

«አዎ።»

«የእኔ፣ የሒሳብ አስተማሪዋ ልጅ ሆነሽ? አንድ ሳይባል ሁለት አለ?»

ያኔ መግባት ነበረብኝ። በሩ አምስት እርምጃ ነው። የታጠብኩትን እግሬን እንደገና አጠብኩት። ውኃው ቀዝቃዛ ነበር። ስገባ ሠናይት ባለጎማ ጫማውን ሳጥኑ ውስጥ ከትታ ቆልፋበታለች፤ ቁልፉን በአንገቷ ክር ላይ አሰረችው። «ቡሄ ሲያልፍ ለዓለምነው እሰጠዋለሁ። መስማት የሚችል ልጅ ያድርገው» አለች።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ሠናይት ገበያ ስትወጣ ኤደንን ጠየቅኋት። «ለምን እንዲያ አልሽ?»

በግራ እጇ እርሳስ ይዛ ክብ ማጥቆር እየተለማመደች ነበር። ቀና ሳትል «አንተ ልትነግራት ነበር እንዴ?» አለችኝ።

መልስ ጠብቃ አይመስለኝም። እርሳሷን እንድቀርጽላት ሰጠችኝ። ቀረጽኩላት።

አፍሬያለሁ። አምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ልጄ ከእኔ ምን እንደማይጠበቅ አውቃዋለች።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ፈተናው ዛሬ አለቀ። ሦስቱንም ቀን በር ድረስ ሸኘኋት፤ ዛሬ እስክትወጣ ግቢው አጥር ሥር ቆምኩ። ሌሎቹ እየተንጫጩ ሲወጡ እሷ የመጨረሻ ሆና ወጣች። የግራ አውራ ጣቷ አብጧል።

«እንዴት ነበር?»

«የማውቀውን ሁሉ አላጠቆርኩም። ጊዜው ቀደመኝ።»

ሠናይት ቤት ስንደርስ ጠይቃት ይኼንኑ ሰማች። «ምዕራፍ አንድ ዋጋው ስንት እንደሆነ አየሽ?» አለቻት። እኔ እዚያው ወንበር ላይ ነበርኩ። እውነቴን ነው፣ አፌን ከፍቼ ነበር። ሠናይት «ምን ልትል ነው?» አለችኝ። «ምሳ አልበላችም» አልኩ።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ዛሬ ሰሌዳው ላይ ምንም አልለጠፍኩም። ትዝታ ባዶውን አይታ «ዘበኛው ቅር ብሎታል» አለችኝ።

ቤታችን ዝም ብሏል። ሠናይትና ኤደን ስለ ጨውና ስለ ውኃ ብቻ ነው የሚነጋገሩት። ሠናይት ለጎረቤት ስትነግር ሰማኋት፤ «መሰበሯ አይደለም ያናደደኝ። ልጄ ትዕግሥት ያላት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አላውቃትም።» ታውቃታለች። የማታውቀው እኔን ነው።

ማታ ሰማያዊውን መጽሐፍ ከፍቼ «ምዕራፍ አንድ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ምንም አልጻፍኩም። ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ እንዲሁ ርእሱን ብቻ ጽፌ ትቼዋለሁ። ድሮ ሟርት ነው ብዬ ተውኩት፤ አሁን ምን ብዬ ነው? ቢጻፍ ሥራዬ ይገለጣል። የፈራሁት ይኼው ነው፣ ሌላ ሰበብ የለውም።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ጄሶው ወጣ። እጇ ከስቶ የሌላ ሰው እጅ ይመስላል። ይታጠፋል፣ ይጨብጣል፤ መዳፏን ወደ ላይ መልሺ ስትባል ግን ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ሐኪሙ እንቅስቃሴ ታዘወትር፣ ይመጣል ብሏል። መቼ እንደሚመጣ አልተናገረም።

በመንገድ ላይ የአዳራሹን ደጅ ስናልፍ ልጆቹ ይለማመዱ ነበር። ኤደን ሳትዞር አለፈች። አንገቷ እንዴት እንደደረቀ አየሁት።

ነሐሴ 11፣ እሑድ

ዓለምነው መጣ። ሠናይት ስላለች በሩ ላይ ነው የቆመው።

«ጋሼ፣ ማክሰኞ ከረፋዱ ላይ እናሳያለን። ያችን መቅድምዎን በማይክ ያንብቡልን። ልጆቹ በቃላቸው ይዘዋታል፣ ‹አኰቴት ይደረግለት› ሲባል ይነሣሉ።»

እኔ መልስ ሳልሰጥ ሠናይት ከውስጥ «እኔም እመጣለሁ» አለች። «ልጄን የሰበረውን ነገር አንድ ጊዜ ልየው። ጫማውንም ያኔ ትወስደዋለህ።»

ዓለምነው ኤደንን አየ፣ ኤደን ግድግዳውን።

ከእራት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩ። አሥራ አንዱን ገጽ ሳላቋርጥ ተረጎምኩት። ከባድ አይደለም፤ ከሁሉም ምዕራፍ ቀላሉ እሱ ነው። ለልጅ የሚገባ ቃል ነው ያለው። በአንድ ማታ የሚያልቅ ነገር ነበር።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ጅራፉ ገና ሳይነጋ ይጮህ ጀመር። ዘንድሮ ሕፃናቱ በዝተው ሆያ ሆዬ አሉ፤ ሙልሙሉ ከረፋዱ በፊት አለቀብን። ከዚያ ሠናይት፣ ኤደንና እኔ ወደ አዳራሹ ወረድን። ሠናይት ጫማውን በፌስታል ይዛለች። ሰው ደረጃውን ሞልቶታል፤ ትዝታ አለች፣ አያ ይሻው ዱላቸውን ተደግፈው ከፊት ቆመዋል። ልጆቹ ሊሾውን በጆንያ ጠርገው አድርቀውታል።

ማይኩን ሰጡኝ። መቅድሙ በቀኝ ኪሴ፣ ሌላው በግራ ኪሴ ነበር። ልጆቹ «አኰቴት» እስክል ተንበርክከው ይጠብቃሉ። የግራውን አወጣሁ።

«ምዕራፍ አንድ» አልኩ። «መውደቅ። ትወድቃለህ። ሲመጣብህ አትታገለው። ጉልበትህን እጠፍ፣ ዝቅ በል፣ በጎንህ ሂድ። እጅህን ወደ መሬት አትዘርጋ፤ ጣትህን ጨብጠህ ወደ ሆድህ ሰብስበው። ይህን ሳትለማመድ ወደ ምዕራፍ ሁለት አትለፍ። የሚያስተምርህ ሰው ካለ፣ ይህን ሳያስተምርህ እንዳያሳልፍህ ጠይቀው።»

ልጆቹ ግራ ገብቷቸው እርስ በርስ ይተያያሉ። ዓለምነው ቀስ ብሎ ተነሣና ጉልበቱን አጥፎ በጎኑ ወደቀ፤ እጁን ሰብስቦ። ሌሎቹም ተከተሉት። ሰው ሳቀ። አያ ይሻው አልሳቁም፣ «እንዲያ ነው!» አሉ።

ወርጄ ሠናይት አጠገብ ቆምኩ።

«ይኼን መቼ ነው የተረጎምከው?» አለችኝ።

«ከትናንት ወዲያ ማታ።»

ዞራ ኤደንን አየቻት። ኤደን እግሯን ታያለች። ልጆቹ መዞር ጀምረዋል፤ ሙዚቃው ይጮሃል። ሠናይት እስኪያልቅ ቆማ አየች፤ ጨርሶ ዓይኗን አልነቀለችም። ሲያልቅ ዓለምነው እጁን ዘርግቶ መጣ። ፌስታሉን አልሰጠችውም።

ቤት ስንገባ ፌስታሉን ኤደን ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«ዋሸሽኝ» አለቻት።

«አዎ፣ እማዬ።»

«ለእሱ ብለሽ።»

ኤደን ማልቀስ ጀመረች። ተሰብራም፣ ጄሶ ሲያስሩላትም፣ ተፈትናም አላለቀሰችም ነበር። ሠናይት የማይዞረውን እጇን ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች። እኔ ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥ ያለኝ የለም። ስለ ሟርቱ፣ ስለ መቅድሙ፣ በጓሮው መስኮት ስለ ሰማሁት፣ ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«ስድስት ሳምንት ከልጄ ጋር አቀያየምከኝ» አለች። «በማታውቀው ነገር ስሰድባት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ትሰማ ነበር።»

«አዎ።»

«ሃያ ዓመት እሺ ስትለኝ ኖረሃል። አሁን የምልህን እሺ በለኝና ሥራው።»

«ምን?»

«እሷ በጎማው ላይ እንደገና ከመቆሟ በፊት አንተ ውደቅ። ሳይ ነው የማምነው።»

ነሐሴ 16፣ ዓርብ

ጾሙ ተፈታ። ሰሌዳው ላይ ዛሬ አዲስ ወረቀት ለጠፍኩ። «ሰማያዊው፣ ከምዕራፍ አንድ ጀምሮ» ይላል እንጂ ሌላ የለበትም። ትዝታ አንብባ ምንም አላለችም፤ ይኼ ከእሷ ብዙ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጓሮው ላይ ጭድ ጎዘጎዝን። የኤደን ጫማ ለእኔ አልሆነም፣ የዓለምነውን ተዋስኩ። ጉልበቴን በአሮጌ ጋቢ ጠቀለልን። አያ ይሻው ከአጥራቸው ወዲያ አንገታቸውን አስግገው «ፈንታሁን፣ ሸምበቆውን ላዘጋጅ?» አሉኝ። ኤደን በግራ እጇ ክንዴን ይዛ አቆመችኝ። ቀኝ እጇ ከትናንቱ ትንሽ አልፎ ይዞራል፤ ለእናቷ አሳየቻት፣ ለእኔም አሳየችኝ።

ስትለቀኝ እግሬ ወደፊት ሄደ፣ እኔ ወደ ኋላ። እጄ ሳላዘው ተዘረጋ። አንጓዬ ጭዱን አልፎ መሬቱን መታ። ሕመሙ እስከ ትከሻዬ ወጣ፤ እሷ የወደቀች ቀን የሰማሁትን ድምፅ አስታወስኩ። ኤደን በሳቅ ፈንታ ጎንበስ ብላ እጄን መረመረች።

«ደኅና ነው» አለች። «ደግመው፣ አባዬ።»

ሠናይት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። ፊቷ ገና አልተፈታም። ተነሥቼ ቆምኩ፤ ጉልበቴን አጠፍኩ፣ ዝቅ አልኩ። እግሬ ሲሸሽ ድምፅዋን ሰማሁት።

«እጅህን» አለች።

ሰበሰብኩት።